ሻንሲ የሌላት መኪና

ባሌ መኪና የገዛ ሰሞን ግቢያችን የወንዶች ጉባኤ ሆኖ ከረመ። ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ኮፈኗ የተከፈተ መኪና አይቶ አንገቱን ሳያስገባ የሚያልፍ ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም። የገዛ ጥርሱ እያመመው ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ወራት የሚያመነታ ሰው፣ የሰው መኪና ሲሆን ሕመሙንም መድኃኒቱንም በቆመበት ይናገራል። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ነው። ያለ ማዘዣ መድኃኒት ስጪኝ የሚለውን ሰው ስመልስ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ ያለ ማዘዣ የሚያክሙት ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል።

መኪናዋ አሮጌ፣ አጭር፣ ባለ ሁለት በር ናት። አራቱም ጎማዋ ስለሚጎትት ባሌ ገደል የሚያወጣ ነገር የገዛ መስሎታል። ነገር ግን ሻንሲ የላትም። ሻንሲ ማለት መኪና ከሥሩ የሚቆምበት የብረት አጥንት ነው፤ የጭነት መኪና አለው፣ ትልልቆቹ የገጠር መኪኖችም አላቸው። የእኛዋ ግን እንደ እንቁላል በቅርፊቷ ብቻ የቆመች ናት። ባሌ ይህን የሰማው ከገዛት በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምራል፤ አንድ አሮጌ ደብዳቤ እውነተኛ ነው ብሎ ለመቀበል ማስረጃ በማስረጃ ላይ ካልተደራረበለት አያምንም። መኪናዋን ግን ቀለሟን አይቶ ገዛት።

ወሬው ሰፈሩን ለመዞር አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሻንሲ የላትም አሉ» ይባባላሉ። ልጁን ሊድር አጥንት የሚቆጥር ሁሉ የመኪናችንን አጥንት ቆጥሮ ጣላት። ባሌ ቀን ቀን ለመኪናዋ ጠበቃ ቆሞ ይከራከራል፣ ሲመሽ ደግሞ እኔ ላይ ይበሳጫል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በአማቴ ምክንያት ነው። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ የሚኖሩት ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሚወርድ ጥርጊያ መጨረሻ ነው። ቤታቸው ከመድረሱ በፊት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ ደረጃ መሰል ቋጥኝ አለ፤ የአገሩ ሰው «መንጋጋ» ይለዋል። ለባሌ አባት ተዝካር በመኪናዋ የወረድን ጊዜ መንጋጋው ላይ ሆዷ ተንጠለጠለና ከበሩ በታች ያለው ላሜራ ወደ ውስጥ ተጨማደደ። ባሌ እንግዶቹ ፊት አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ዝም ማለት ሲገባው ይፎክራል። ዳሱ ውስጥ፣ ዘመድ ሁሉ እየሰማ፣ «እማዬ፣ ዓይንሽን ልትታከሚ ስትወጪ እግርሽ መሬት ሳይነካ ከደጅሽ አንሥቼ ሆስፒታል ደጅ አወርድሻለሁ» ብሎ ማለ። ጠላው ገና አንደኛው ጣሳ ላይ ስለነበር በመጠጥ ማመካኘት እንኳ አይችልም።

የአማቴ ዓይን ጉዳይ ቀልድ አልነበረም። አንደኛው ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ አይመለስም። ሁለተኛውን የሸፈነው ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። ሆስፒታላችን ሐኪሞች ከሌላ ቦታ እየመጡ ለጥቂት ቀናት ሞራ የሚገፍፉበት ዘመቻ አለ። ያለፈው ዘመቻ አምልጧቸዋል። በበቅሎ እንዳይወጡ መንገዱ አይታያቸውም፣ አንዴ ወድቀዋል። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሊያወጣቸው ሲነሣ ደግሞ፣ በቃሬዛ ከቤቱ የወጣ ሰው በቃሬዛ ነው የሚመለስ ብለው እምቢ አሉ። ዘንድሮ ውሃ ሲቀዱ ከጣሳው ውጭ ያፈስሱ ጀመር። ልጃቸውን በድምፁ ነው የሚለዩት። እኔ አማቴን እወዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ሳያሽሞነሙን የሚናገር ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው እንዲያረጁ አልፈልግም ነበር።

ስለዚህ ቀላሉን ነገር ተናገርኩ። መኪናዋ ከመንጋጋው በላይ ትቁም፤ አንተ አንድ እጃቸውን፣ እኔ አንድ እጃቸውን ይዘን ቋጥኙን በእግራቸው እናሻግራቸው፣ ከዚያ ይሳፈሩ አልኩት። ወንዝ የሚያሻግር ርቀት እንኳ አይደለም። ባሌ የሰደብኩት ያህል አየኝ። «ቃሌስ?» አለኝ። የእናቱ ዓይንና የእሱ ቃል በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ቃሉ እንደሚከብድ የዚያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ በሰፊ መጋዘን ውስጥ ለመኪናው ጎን ወፍራም ብረት ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ አግኝቶ ደጋግሞ ያየዋል። ብረቱ ከበሮቹ በታች በግራና በቀኝ ይገጠማል፤ መኪናው ቋጥኝ ላይ ሲወርድ በላሜራው ፋንታ ብረቱ ድንጋዩን ይረግጥና ይንሸራተታል። ባሌ «ስላይደር» ይለው ጀመር። ሊሠራለት የጠራው ደግሞ በር ሠሪ ጓደኛውን ነው። ከእኛ ሰፈር እስከ ማክሰኝት ድረስ ጫፉ ላይ የጦር ቅርጽ የተደረደረበት የግቢ በር ካያችሁ የእሱ እጅ ነው። መኪና ሠርቶ አያውቅም፤ ይህ ግን አላሳሰበውም። «ያው የጎን ፓራውልት ነው» ብሎ ከሰው በር የተረፈ ቱቦላሬ ብረት ተሸክሞ መጣ።

ፈረንጁ በቪዲዮው ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገራል። ሻንሲ የሌለው መኪና ከሆነ ብረቱን ስሱ ላሜራ ላይ አትበይዱ፤ ከሥር ገብታችሁ ወፍራሙን ቦታ ፈልጉ፣ በዚያ ላይ ሰፋ ያለ ዝርግ ብረት አድርጉና ሸክሙን አካፍሉት ይላል። ባሌም ይህንን ለበር ሠሪው ተረጎመለት። በር ሠሪው ግን ከመኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ መበየድ አልወደደም። በር የሚበየደው ተቁሞ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ነው የበየደው። መብራት በመጣ ቁጥር ትንሽ ይሠራሉ፣ በጠፋ ቁጥር የት ይበየድ በሚለው ይከራከራሉ፤ መብራቱ ደግሞ ከመምጣቱ መጥፋቱ ይበዛል። የዘመቻው ሐኪሞች ገብተው ሥራ ጀመሩ። እኔ አማቴን አስመዝግቤ ነበርና በየቀኑ ነገ ይመጣሉ እያልኩ የዓይን ክፍሏን ነርስ እለማመጣለሁ።

ክርክሩን የቆረጠው ጎረቤታችን ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ፣ አሁን መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ነው። የእጁን ጣቶች አቆላልፎ እያሳየ እንዲህ አለ፦

«በሌላው መኪና ሻንሲና ቦዲ ሁለት ናቸው። በዚህች ግን ተዋሕደዋል፤ ያለ መለየት አንድ ሆነዋል። አንድ ከሆኑ ደግሞ ቦዲውን የነካ ሻንሲውን ነካ። የትም በይደው፤ የበየድኸው ሻንሲው ላይ ነው።»

ከዚያ በር ሠሪው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ባሌ፣ ማስረጃ አምላኪው ባሌ፣ ፊቱ በራ። ጎንደር ውስጥ በተዋሕዶ ክርክር የረታን ሰው ማን ይመልስለታል? መጋዘን ውስጥ ሲለፋ የከረመው ፈረንጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተረታ። ላሜራው ግን ቅኔ ቤት አልገባም። ስስ ነገር ስስ ነው አልኳቸው። ጎረቤታችን ሴት ልጅ ምሥጢሩ አይገባትም በሚል ዓይን አየኝና ፈገግ አለ። ብረቱ ከበሮቹ በታች፣ ተቁሞ ለመበየድ በሚመች ቦታ፣ ዳር ዳሩን ተበየደ።

በር ሠሪው ብረቱን ባዶ ጫፍ ትቶት መሄድ አልሆነለትም። በግራም በቀኝም ወደ ፊት የሚያይ የጦር ቅርጽ አበጀለት። ጥቁር ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ደግሞ አንድ ቀን ተጠበቀ። ከዚያ ፈተናው መጣ። ብረቱ ሥር ክሪክ አስገብተው መኪናዋን ቀስ ብለው አነሷት፤ አልተቀነጠሰም። በር ሠሪው ላዩ ላይ ወጥቶ ዘለለ። ሦስቱም እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። በማግስቱ በእኔ በኩል ያለው በር ሲዘጋ እየታከከ መጮህ ጀመረ። ለባሌ ነገርኩት፤ የበሩ ጎማ ስላረጀ ነው አለኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ ተረትኩበት። የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህ ተረት ለእሱ የተተረተ አይመስለውም።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ልንሄድ የቻልነው በዘመቻው የመጨረሻ ቀን ነው። ነርሷ ከቀትር በፊት ካልመጡ ቦታቸው ለሌላ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግራኛለች። ጎህ ሲቀድ ወጣን። መንጋጋውን ስንወርድ ብረቱ ድንጋዩን ፋቀው እንጂ ምንም አልሆነም፤ ባሌ ወደ እኔ ዘወር እያለ ምስጋና ይጠብቃል። አላመሰገንኩትም።

አማቴ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። የባሌ አጎትና ጎረቤቶች አብረው አሉ። አጎቱ ብረቱን ዞረው አዩት፣ ጦሩን በጣታቸው ነኩት፣ ከዚያ ምነው እናትህን መንጋጋውን እኛ በእጃችን ብናሻግራት፣ ይኸው ሰው ሞልቷል አሉ። ባሌ አያ ይተዉት፣ የሠራሁት ለዚሁ ነው ብሎ መለሰላቸው። እናቱን አቅፎ አነሣቸውና ወደ ፊተኛው ወንበር ወሰዳቸው። አማቴ ሊገቡ ሲሉ እጃቸው ብረቱን አገኘው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት።

«ምነው ልጄ፣ ማኪናይቱ ቃሬዛ አበጀች?» አሉ።

«መከላከያ ነው እማዬ።»

«ኸምን ይከላከላል?»

«ከድንጋዩ።»

«ድንጋዩ እኮ ኸተቀመጠበት አልተነሣም» አሉና ገቡ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከኋላ ወንበር ተጨናንቄ ተቀመጥኩ።

ወደ ላይ ስንወጣ ነገሩ ተለየ። መኪናዋ ሦስት ሰው ይዛለች፤ ባሌም እንዳይቆም ፈርቶ ነዳጅ አበዛ። የፊት ጎማዎቹ ወጡ፣ የኋላዎቹ ተንሸራተቱ፣ መኪናዋም በሙሉ ክብደቷ በቀኝ ጎኗ ቋጥኙ ላይ ተቀመጠች። ከሥራችን የሚያቃስት የብረት ድምፅ መጣ። መሪውን ሲያዞረው ደግሞ ተነሥታ በግራዋ ወደቀች። አማቴ የፊታቸውን እጀታ ጨብጠው የእመቤታችንን ስም ይጠራሉ። በመጨረሻ ተንፈራግጣ ወጣች። ባሌ ሠራ፣ አላልኩሽም፣ ሠራ እያለ መሪውን ይመታል። ወርደን እንየው አልኩት፤ ሰዓት ይሄድብናል አለኝ። ከስንት ጊዜ አንዴ ትክክል ቢናገር ይኸንኑ ነው። እስከ ጎንደር ድረስ የብረቱን ውዳሴ ሰማን፤ በስልክም በር ሠሪውን እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ቀትር ሳይሆን ሆስፒታሉ ግቢ ደረስን። ባሌ ዞሮ የእናቱን በር በክብር ሊከፍት ተነሣ፤ የራሱ በር ግን አልከፈት አለው። ፈገግ ብሎ በትከሻው ገፋው። ደግሞ ገፋው። ፈገግታው ጠፋ። የእናቱንም በር ከውስጥ ሞከረው፤ እሱም እንደ ግንብ ዝም አለ። ብረቱ አልተሰበረም፤ በር ሠሪው እንዳለው ጠንካራ ነው። የተበየደበትን ስስ ላሜራ ይዞ ወደ ላይ ገብቶ ሁለቱንም በሮች ከሥር ነከሳቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው፤ ላሜራውን ከጭረት ሊያድን በሮቹን አጣ። ባሌ በመስኮት ሲወጣ ሱሪው ተቀደደ። እኔ በኋላ በር፣ ዕቃ በሚጫንበት በኩል፣ ወጣሁ።

ያው መንገድ ለአማቴም ክፍት ነበር። እማማ፣ በኋላ በኩል ቀስ አድርገን እናውርድዎ አልኳቸው። ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ።

«በኋላ የሚገባ ሬሳ ነው፣ በኋላ የሚወጣም ሬሳ ነው። እኔ ዓይኔን ልታከም ነው የመጣሁ፣ ልቀበር አይዶለም።»

ለመንኳቸው። ባሌም ለመናቸው። እሳቸው ግን አንዴ ካሉ አሉ። ደግሞ ስንት ሬሳ በዚያ ግቢ በኋላ በር ተጭኖ ሲወጣ ስላየሁ ልቆጣቸው አፍ አልነበረኝም። በመስኮት ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት መጎተት የሚታሰብ አይደለም። ጥበቃው መጣ፣ ባጃጅ ነጂዎች መጡ፣ አስታማሚው ሁሉ ዙሪያውን ቆመና መኪናዋ ሻንሲ እንደሌላት አንድ ሰው አግኝቶ ለሌላው ሲነግር ሰማሁ። ወደ ዓይን ክፍል ሮጥኩ። ነርሷ ከሳቸው በፊት ጥቂት ሰው ብቻ እንደቀረ፣ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ መሣሪያውን እንደሚያስር ነገረችኝ። ግቢ ውስጥ ናቸው አልኳት። ታዲያ ለምን አይገቡም አለችኝ። ይህንን እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

ስመለስ ባሌ በስልክ የጠራው በር ሠሪ ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ይዞ በባጃጅ ደርሷል፤ ጎረቤታችንም፣ አልቀርም ብሎ፣ አብሮት መጥቷል። ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ አየና ብየዳውና ላሜራው እኮ አንድ ሆነዋል፣ ያስቸግራል አለ። እንግዲያው አንተው አዋሕደሃልና አንተው ለያቸው አልኩት። ከጥበቃ ቤቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ተሳበ። እኔ እሳቱ እንዳይፈናጠርባቸው እርጥብ ብርድ ልብስ ፍለጋ ስሮጥ፣ ባሌ በእናቱ መስኮት በኩል ተንበርክኮ ትንሽ ታገሺኝ ይላቸዋል። አማቴ እጃቸውን በመስኮቱ አወጡና አየሩን ዳብሰው ራሱን አገኙት።

«ልጄ፣ እግርሽ መሬት አይነካም ያልኸኝ ይኸን ኖሯል?» አሉት። «ይኸው አልነካም። በቃኝ፣ መሬት አስነካኝ።»

ንዴቴ አልለቀቀኝም፣ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ባሌ አሳዘነኝ። ተነሥቶ ግራይንደሩን ከበር ሠሪው እጅ ተቀበለና በገዛ እጁ ይቆርጠው ጀመር። አማቴ ብርድ ልብሱ ሥር ተሸፍነው፣ ከጎናቸው ብረት እያለቀሰ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ብረቱ ሲወድቅ የላሜራውን ቅዳጅ ይዞ ወደቀ። በረጅም ብረት ፈልቅቀው በሩን ከፈቱት። አማቴ አንድ እግራቸውን አወረዱ፣ መሬቱን በጣታቸው ፈልገው አገኙት፣ ሁለተኛውን አወረዱ፣ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ከእኔ ፈጥነው ሄዱ። ሐኪሙ የመጨረሻ ታካሚ አድርጎ ተቀበላቸው።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። አገላብጠው አዩኝና ሸጋ ነሽ፣ ከስተሻል እንጂ አሉኝ። እኔ አለቀስኩ። ባሌን ሲያዩት ደግሞ ምነው እንዲህ ሸበትህ ብለው ደነገጡ። እኛ ቤት ከርመው ጠብታቸውን ጨርሰው አገራቸው ሲሄዱ፣ የወሰድናቸው በዚያችው መኪና ነው። በሮቿ በገመድ ታስረዋል፣ ጎኗ ተቀዷል።

መንጋጋው ጋ ስንደርስ አቁም አሉት። ወርደው ቋጥኙን አዩት። ጥቁሩ ቀለማችን ላዩ ላይ በረጅሙ ተጭሯል፤ ድንጋዩ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። አማቴ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው፣ የማንንም እጅ ሳይዙ፣ እያንዳንዱን እርከን እያዩ ወረዱት። ጸሎት የሚደግም ሰው «አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ እስኪጨርስ እንኳ አልፈጀባቸውም። ከታች ሆነው ዞሩ። ባሌ አሁንም መሪውን እንደጨበጠ ነው።

«ማኪናህን አንተ አሻግራት» አሉት። «እኔማ እግር አለኝ።»

ባሌ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና በእግሩ ተከተላቸው።